የጠማቂዋን ቤት ፍለጋ፦ ከሐይቅ ወንጌል እስከ ማኅበር ደብተር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጠላ ነው። ስለ አጠጣጡ አይደለም፤ በዚያ በኩል ከእኔ የሚበልጡ ብዙ ሰዎች ከፊቴ ተቀምጠዋል። የምጠይቀው ሌላ ነው። ከአራትና ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በዚህ አገር ጠላ የጠመቀ፣ ጠጅ የጣለ አንድ ቤተ ሰብ በጽሑፍ ማስረጃ ተከታትለን ልንደርስበት እንችላለን ወይ? የሴትዮዋ ስም ማን ነበር? ገብሱ ከየትኛው መሬት ገባላት? ጌሾውን ከጓሮዋ ቀነጠሰች ወይስ ከገበያ ገዛች? ስትሞትስ ጋንና እንስራዋ ለማን ደረሰ?

«ታሪክ አልቆ ነው ወይ ጠማቂ ፍለጋ የተገባው?» የሚል አይጠፋም። ታሪካችን ግን ያለ እሷ አይቆምም። ንጉሥ ሠራዊቱን ግብር ሲያበላ፣ ገዳም ተዝካር ሲያወጣ፣ የአምባሰሉ ገዥ ጃንጥራሩ እንግዳ ሲቀበል፣ ጦር ሲከት መጠጡ ከምንጭ አልፈለቀም። ሴቶች ብቅል አብቅለው፣ ጌሾ ወቅጠው፣ አሻሮ ቆልተው፣ እንኩሮ አንኩረው፣ ጋን በወይራ አጥነው ነው ያቀረቡት። ውሃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ ከዚህ ውጪ ነው።

እንዲህ ያለ ፍለጋ እንደሚቻል ያሳዩት እንግሊዞች ስለሆኑ ከእነሱ ልጀምር። ከለንደን አጠገብ ፑትኒ በምትባል መንደር በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዋልተር ክሮምዌል የሚባል ሰው ይኖር ነበር። የገብስ መጠጥ ይጠምቃል፣ ይሸጣል፤ የእንግሊዝ ጠላ በሉት። ይህ ሰው በእጁ የጻፈው ማስታወሻ የለም። ነገር ግን የመጠጥን ዋጋና ጥራት የሚቆጣጠር ሕግ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በአገሩ ነበር። በየቦታው መጠጡ ከመሸጡ በፊት ቀምሶ የሚፈቅድ ሹም ይመረጣል። ዋልተር ሳያስቀምስ እየሸጠ በየጊዜው ስድስት ፔኒ ይቀጣል፤ የባላባቱ ችሎት ጸሐፊም በየጊዜው ስሙን ይጽፋል። ዛሬ የዋልተርን ቤት የምናውቀው በቅጣቱ ነው። ሕግ አክባሪ ቢሆን ኖሮ ጠፍቶብን ይቀር ነበር።

ልጁ ቶማስ ክሮምዌል ነው፤ ከጊዜ በኋላ የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዋና አማካሪ የሆነው። በ1538 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የየአጥቢያው ካህን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍር ያዘዘው እሱ ነው። የአገሩ ሰው ሁሉ ዛሬ ቅድመ አያቱን የሚፈልገው በዚያ ትእዛዝ በተጻፉ መዛግብት ውስጥ ነው። የጠማቂው ልጅ የራሱ የልደት ቀን ግን አይታወቅም፤ እሱ ሲወለድ መዝገቡ ገና አልነበረምና።

ከዚህ ሌላ በ1529 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የሟች ንብረት ተዘርዝሮ እንዲቀርብ አዘዘ። ጎረቤቶች ከቤቱ ገብተው፣ ክፍል ለክፍል እየዞሩ፣ ያዩትን ከነግምቱ ይጽፋሉ። መጥመቂያ ክፍል ካለ ገንዳው፣ የናስ ድስቱ፣ በርሜሉ፣ የቀረው ብቅል ሳይቀር ይመዘገባል። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ወረቀት ማለት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ማየት ነው። እህል ሲጠፋም ይጻፋል። በ1590ዎቹ መከሩ ተደጋግሞ ሲበላሽ ሹማምንቱ ብቅል ያከማቸው ማን እንደሆነ ቤት ለቤት ቆጠሩ። በስትራትፎርድ ከተማ በ1598 እ.ኤ.አ. በተጻፈው ዝርዝር 10 ኳርተር ብቅል ያለው ዊልያም ሼክስፒር የሚባል ነዋሪ ተገኘ፤ በእኛ ልክ ከአሥር ኩንታል ይበልጣል። አዎ፣ ያው ባለ ቅኔው። የእሱም አባት ጆን በ1556 እ.ኤ.አ. ከከተማው መጠጥ ቀማሾች አንዱ ሆኖ ተመርጦ ነበር።

እንግሊዝ አገርም ቢሆን መጀመሪያ ጠማቂዎቹ ሴቶች ነበሩ። የታሪክ ምሁሯ ጁዲት ቤኔት በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው በ1300 እ.ኤ.አ. ገደማ ሥራው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነበር፤ በ1600 ግን ወደ ወንዶች አልፏል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም አንዱ ሆፕ የሚባለው መራራ ተክል ነው። ከባሕር ማዶ መጥቶ መጠጡ ውስጥ ሲገባ ቢራው ሳይበላሽ ይቆያል፤ የሚቆይ ነገር በብዛት ይጠመቃል፣ ሩቅ ይጫናል፤ ለዚያ ደግሞ ገንዘብ፣ ትልቅ ገንዳና የነጋዴ ማኅበር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ባለ ገንዘቡ ወንድ ገባ፣ ባለ እንስራዋ ሴት ወጣች። የእኛ ጌሾም መራራ ነው፤ ጠላችን ግን ቶሎ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ከቤት አልራቀም፤ ከሴትም እጅ አልወጣም። እንደ እኔ አስተያየት ጠማቂዎቻችን በጽሑፍ የማይገኙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእንግሊዟ ሴት ሥራዋን ተነጥቃ ስሟ በቅጣት መዝገብ ቀረ፤ የእኛዋ ሥራዋን እንደያዘች ሳትጻፍ ኖረች።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንምጣ።

መዝገብ የለንም የሚል ሰው ሐይቅ ላይ ቆሞ መናገር የለበትም። ከዚህ ጥቂት ርቀት ላይ፣ ድሮ ደሴት በነበረውና ዛሬ ከየብስ በተያያዘው ቦታ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከኢትዮጵያ ጥንታዊ የጽሑፍ ቤቶች አንዱ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 እ.ኤ.አ. ወደዚህ መጡ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። በ1280 እና በ1281 እ.ኤ.አ. መካከል አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የብራና ፎቶ ማንሻ ፕሮጀክት 1832 የሚል ቁጥር ሰጥቶታል። የታሪክ ምሁራኑ ታደሰ ታምራትና ሥርግው ሀብለ ሥላሴ የሐይቅን ታሪክ የጻፉት በዚሁ ወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የሰፈሩትን ማስታወሻዎች እየመረመሩ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተቀደሰ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የመሬት ስጦታ ማንም ደፍሮ አይፍቀውም። ወንጌሉ የገዳሙ የውል መዝገብ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ዐምደ ጽዮን በ1316 ወይም በ1317 እ.ኤ.አ. በዳሞትና በሐድያ ስላደረጉት ዘመቻ የሚናገረው ማስታወሻ የሚገኘው እዚህ ነው።

እንዲህ ባለው ማስታወሻ ውስጥ ንጉሡ አለ፣ አበ ምኔቱ አለ፣ ምስክሮቹ አሉ፣ ቃሉን የሚያፈርስ የሚረገምበት እርግማን አለ። ጠማቂዋ የለችም። እንዲያውም ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም። ታዲያ የበዓሉና የተዝካሩ መጠጥ ከየት ይመጣ ነበር? መነኮሳቱ ራሳቸው ካልጠመቁት በየብስ ካለው መሬት ይመጣ እንደነበር መገመት ይቻላል። ገዳሙ በዚያ መሬት ላይ የነበረው ጉልት የሚባለው መብት የአፈሩ ባለቤትነት አልነበረም፤ ከገበሬው ግብር የመቀበል መብት ነበር። ገበሬው እህሉን ወይም ማሩን ያገባል፤ በጎታው ውስጥ ያለው እህል ደግሞ የባልና የሚስት ነው። ስለዚህ ጠማቂዋን የምፈልግባት የመጀመሪያዋ ቦታ ማርና እህል እንዲገባ የሚያዝ ማስታወሻ ያለበት ኅዳግ ነው። ስሟ ባይኖር መሬቷ ይኖራል።

ማር በተለይ ጥሩ መሪ ነው። በጉንዶ ይሰፈራል፣ በግብርነት ይገባል፣ ያለ ማር ጠጅ አይጣልም። የቤተ መንግሥቱን ግብር አሰናዳድ የሚተርከው «ሥርዓተ ግብር» የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ጽሑፍ፣ ጀርመናዊው ማንፍሬድ ክሮፕ ያጠናው፣ ስንት እንጀራ፣ ስንት ጋን መጠጥ ለማን እንደሚደርስ የሚናገር ዓይነት ሰነድ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የማር ጠጅ ደጋግሞ ይነሣል። መጽሐፉ በሊዝበን በ1540 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ወደዚህ ሐይቅም መጥቷል፤ ውሃው ውስጥ ጉማሬ እንዳለ ጽፏል። ጠጁን የጣለችውን ሴት ስም መጠየቅ ግን አልመጣለትም። የእንግዳ ጸሐፊ ዓይን ዋንጫው ላይ ያርፋል፤ ጓዳ አይገባም።

ከአልቫሬዝ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1531 እ.ኤ.አ.፣ የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ደረሰ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ከገዳሙ የተወሰደውን ወርቅና ብር ይተርካል። እንግሊዝ አገር የሟቹ ቤት ዝርዝር የናስ ድስቱን ጭምር ሲቆጥር በእኛ በኩል ያለው የዘመኑ የንብረት ዝርዝር የምርኮ ዝርዝር ሆነ። የማረከ ሰው ደግሞ እንስራ አይቆጥርም።

አንድ ሌላ መሰናክል አለ፤ ስማችን። እንግሊዛዊቷ ስታገባ የባሏን የቤተ ሰብ ስም ትይዛለች፤ ተመራማሪ በአንድ ስም ሦስት ትውልድ ይከተላል። የእኛ ሴት ካገባችም በኋላ የአባቷ ልጅ ናት። ባልና ሚስት በአንድ ገጽ ቢጻፉ እንኳ ባልና ሚስት መሆናቸው ካልተነገረ አይታወቅም። በዚያ ላይ ካህኑ የሚጽፋት በክርስትና ስሟ፣ ወለተ እገሌ እያለ ነው፤ ጎረቤት የሚጠራት በሌላ ስም ነው። ለክብሯ ጥሩ ነው፤ የአባቷን ስም አልጣለችም። ለእኛ ለፈላጊዎች ግን ፈተና ነው።

ፈተናው የማይወጡት አይደለም። ጎንደርን ተመልከቱ። በ18ኛው መቶ ዘመን በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ብራናዎች ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ውርስ በብዛት ይጻፍ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን የሥራ ባልደረቦቹ ጋር እነዚህን ሰነዶች ሰብስቦ ካጠና በኋላ ሴቶች መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡና ሲያወርሱ በግልጽ ታይተዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትልቅ መጽሐፉ የቆመው በእነዚህ ጥቃቅን ማስታወሻዎች ላይ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደሚባለው ነው። አንዷ ማስታወሻ ብቻዋን ምንም አትነግርም፤ መቶ ሲሰበሰቡ ቤተ ሰብ ይታያል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ትልልቁ ቤት ብቻ ነው የታወቀው። የአምባሰልን ጃንጥራሮች የማያውቅ የለም። እቴጌ መነን አስፋው በ1883 ዓ.ም. የተወለዱት ከዚሁ ቤት ነው፤ አባታቸው ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሕን ናቸው። በወይዘሮ ስሕን ስም ደሴ ላይ ትምህርት ቤት ተሰይሟል፤ ከዚህ አዳራሽም ብዙዎቻችሁ እዚያ ተምራችኋል። የእንዲህ ያለውን ቤት ጠላና ጠጅ ያዘጋጁ የነበሩትን ሴቶች ስም የሚያነሣ ግን የለም። ውጫሌን አስቡ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ በተለይ በአንቀጽ 17፣ ስንት መጽሐፍ ተጽፏል! በዚያ የሰፈረው የምኒልክ ሠራዊት ምን በላ፣ ምን ጠጣ፣ ማን አዘጋጀለት የሚል አንድ መጣጥፍ ላሳየኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው። የያኔ ጦር ያለ ሴቶች አይጓዝም ነበር፤ ወፍጮውም ገንቦውም በእነሱ ጀርባ ነበር። ንጉሥ ምኒልክ ዐፄ ከሆኑ በኋላም በአዲስ አበባው ግቢ ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት ራሳቸውን የቻሉ የሥራ ክፍሎች ነበሩ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የመሬቱና የግብሩ ሥርዓት ተዘርዝሯል፤ ጠማቂ የሚፈልግ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳይገልጥ መነሣት የለበትም።

በዚህ አገር ጠማቂ ስል ክርስቲያኑን ብቻ አይደለም። ሐይቅ ገበያ ላይ ማርና ገብስ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም እጅ ያልፋል፤ የሙስሊም እናቶችም ቃሪቦና ብርዝ ያዘጋጃሉ። ቃሪቦ ከገብስ የሚሠራ የማያሰክር መጠጥ ነው፤ ልፋቱ ግን ከጠላው አያንስም። ከእንግሊዙ የሟች ንብረት ዝርዝር ጋር የሚቀራረብ ወረቀት በእኛ አገር የሚገኝ ከሆነ፣ በእኔ ግምት የሚገኘው በሸሪዓ ፍርድ ቤት የውርስ መዝገቦች ውስጥ ነው። የሸሪዓ ውርስ ለሚስትም ለሴት ልጅም ድርሻ ስለሚያወጣ ንብረቱ መቆጠር አለበት። ፍርድ ቤቶቹን መንግሥት በ1944 እ.ኤ.አ. በወጣ አዋጅ ቁጥር 62 አውቋቸዋል። ወጣት ተመራማሪዎች መጀመሪያ በሩን እንዲያንኳኩ የምመክረው እዚያ ነው።

ወደ ክርስቲያኑ ስንመለስ፣ ጠማቂዋ በገዛ ስሟ የተጻፈችበት አንድ ቦታ አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «መዝገብ ነው» ብሎ ያሰበው ግን ጥቂት ነው። የጽዋ ማኅበር ደብተር። ማርያም፣ ሚካኤል፣ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት እየተባለ በየወሩ የሚወጣው ጽዋ ተራ አለው። ተራው የደረሰው ቤት ጠላውን ይጠምቃል፣ ዳቦውን ይጋግራል። ጸሐፊው ማን እንዳወጣ፣ ቀጣዩን ማን እንደተቀበለ፣ ማን እንደቀረና ምን እንደተቀጣ ይጽፋል። የማኅበሩ አለቃ የሆነው ሙሴ ይዳኛል። የዋልተር ክሮምዌልን ቤት ያወጣው የቅጣት መዝገብ ከዚህ በምን ይለያል? ልዩነቱ ያኛውን የባላባት ጸሐፊ ጽፎት በመዝገብ ቤት መቆየቱ፣ ይህኛው ግን በጸሐፊው ሳጥን ውስጥ ሆኖ ጸሐፊው ሲሞት መጠቅለያ መሆኑ ብቻ ነው። የሰንበቴውም እንዲሁ ነው። ሃያ ዓመት የተጻፈ አንድ ደብተር ቢገኝ የትኛው ቤት እንደተዳከመ፣ የትኛዋ እናት ባሏ ከሞተ በኋላም ተራዋን ሳታጓድል እንዳወጣች፣ ማን አገር ለቆ እንደሄደ፣ በክፉው ዘመን ማኅበሩ ስንት ወር እንደተቋረጠ ማንበብ ይቻላል። ወሎ የ1966 ዓ.ም.ን ረሃብ በሪፖርት ያውቃል፤ በማኅበር ደብተር ግን አልተነበበም።

ለንግድ የሚጠምቁትም አሉ። እንጨት ላይ ጣሳ ወይም ኩባያ ደፍቶ ከደጅ ማቆም «ጠላ አለ» ማለት ነው፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ አገርም ባለ መጠጧ ሴት ከቤቷ ፊት እንጨት ታቆም ነበር። ያኛው እንጨት ቀማሹን ሹም ይጠራል፤ የእኛው ጠጪውን ብቻ ይጠራል። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ኮምቦልቻ በ1990 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቢራ ፋብሪካ በየዓመቱ ስንት እንደጠመቀ፣ ስንት ግብር እንደከፈለ በወረቀት ይገኛል። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ባለ ጣሳ ግን ልጆቿን በዚያው ጠላ አስተምራ ዩኒቨርሲቲ ብታስገባም በየትኛውም ሰነድ «የቤት እመቤት» ናት። ይህ አጻጻፍ ስሕተት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ ይህን ወረቀት አንብቦ «በሐይቅ ሴቶች ሥራ አልነበራቸውም» ቢል የሚወቀሰው እሱ ሳይሆን እኛ ነን።

በአንድ በኩል ነገሩ ተሻሽሏል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል። ከወንጌሉ ኅዳግ እስከዚህ ደብተር ሰባት መቶ ዓመት አልፏል፤ የገበሬ ሚስት በስሟና በመልኳ ከመሬቷ ጋር አብራ የተመዘገበችው አሁን ነው። ደብተሩ ማን ምን እንዳለው ይናገራል፤ ማን ምን እንደሚሠራ ግን አይጠይቅም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለ። የማኅበርና የሰንበቴ ጸሐፊዎች፣ ያለቀውን ደብተር አታቃጥሉ፣ ለመጠቅለያም አትስጡ፤ ገጹን በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ደብተሩን ለአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አስረክቡ። የእድር ሹማምንትም እንዲሁ አድርጉ። በቤታችሁ የአያት የግብር ካርኒ፣ የመሬት ክርክር ውሳኔ፣ የውርስ ክፍፍል ወረቀት ያላችሁ፣ ሳትቀዱት ለማንም አትስጡ፤ የተቀዳውን ግን ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች አትከልክሏቸው። ብራና ያላችሁ አብያተ ክርስቲያናት ኅዳጉን ጭምር አስነሡ፤ ፎቶ አንሺው ሥዕሉን ብቻ አንሥቶ እንዳይሄድባችሁ። ተማሪዎች ደግሞ ነገ ወደየቤታችሁ ስትገቡ እናታችሁንና አያታችሁን ጠይቁ፤ ጠላ መጥመቅ ከማን ተማሩ፣ ጋኑ ከማን መጣ፣ ጌሾው የማን ጓሮ ነበር። መልሱን ከሙሉ ስማቸው፣ ከክርስትና ስማቸው፣ ከቀበሌውና ከዕለቱ ቀን ጋር ጻፉት።